የድሮ ሳውንድ ካርድ ድራይቨር ኦፕሽን፦ ካሴት ስቀዳ የአባቴ ድምፅ ቀጥኖና ፈጥኖ ይወጣል

የካሴቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ስለ ድሮ ሳውንድ ካርድ ነው፤ ግን ታሪኩ ከሌለ ነገሩ ስለማይገባ ትንሽ ታገሱኝ።

አባቴ በ80ዎቹ መጀመሪያ ጅዳ ይሠራ ነበር። ያኔ ስልክ ውድ ነው። እማዬ ደግሞ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤ ሲመጣ ለጎረቤት ማስነበብ ነበረባት፣ እሱ ደግሞ የቤት ጉዳይ በጎረቤት አፍ እንዲነበብ አይፈልግም። ስለዚህ ድምፁን በካሴት እየቀዳ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ ይልክልን ነበር። አሥራ አንድ ካሴት አለን። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ክረምት አንዱ ካሴት ሻግቶ ሳገኘው ደነገጥኩ፤ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ለወንድሞቼና ለእህቴ በፍላሽ ልሰጣቸው ወሰንኩ።

ላፕቶፔ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ እሱም ለጆሮ ማዳመጫ። ቤት ግን ማንም የማይነካው የድሮ ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ አለ፣ 1 ጊጋ ራም ያለው። ከኋላው ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ቀዳዳ አለው። ሉቡንቱ 18.04 የሚባለውን ሊኑክስ ባለ 32 ቢቱን ጫንኩበት፣ ኦዳሲቲ የሚባለውን ድምፅ መቅጃ ፕሮግራም አስገባሁ፣ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ሰማያዊው ገመድ ዘረጋሁና ቀዳሁ። እዛው ኮምፒውተር ላይ መልሼ ስሰማው ጥርት ያለ የአባቴ ድምፅ ነው። እንባዬ መጣ።

ፋይሉን ወደ ስልኬ አሳልፌ ለእማዬ ሳሰማት ግን ድምፁ ሌላ ነው። ቀጥኗል፣ ይቸኩላል፣ ሳል እንኳን ሲስል እንደ ልጅ ነው የሚስለው። እማዬ ትንሽ አዳመጠችና «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለችኝ። በጣም ከፋኝ።

ፋይሉን በሌላ ስልክና በላፕቶፔም ሞክሬዋለሁ፣ ያው ነው። ኤምፒ3 ትቼ በዋቭ አስቀመጥኩት፣ ያው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው የጻፈውን «ኦፕሽንስ ኤስኤንዲ-ኤችዲኤ-ኢንቴል ሞዴል=ኦቶ» የሚል መስመር ሲስተሙ ውስጥ አስገብቼ ሪስታርት አደረግሁ፣ ምንም። አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ደግሞ ሳይከፍቱት «ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ኮምፒውተር ግዢ» አሉኝ። ተቃጥሎ ከሆነ እንዴት እዛው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል? እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ጋሽ ጥገና

ልጄ፣ ነፍሱን ይማርልሽ። ካሴቶቹን ለማዳን ማሰብሽ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ቴፕና ሬዲዮ ስጠግን ነው የኖርኩት፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ቴፑ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት። ቀበቶው ከላላ ይዘገያል፣ የሞተሩ ፍጥነት ማስተካከያ ከተነካ ደግሞ ይፈጥናል፣ ያኔ ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ነቅለሽ ካሴቱን በቴፑ በራሱ ስፒከር ብቻ ለእናትሽ አሰሚና ጠይቂያቸው። የሰውየውን ድምፅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ መሣሪያ የለም።

አደራ፣ ከማጫወትሽ በፊት ሄዱን፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል ማለቴ ነው፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጊው። የሻገተውን ካሴት ደግሞ እስኪጸዳ ድረስ እዚያ ቴፕ ውስጥ አታስገቢ፣ ሻጋታው ሄዱ ላይ ቀርቶ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል።

የካሴቷ ልጅ

ጋሼ አመሰግናለሁ። እንዳሉት አደረግሁ። በቴፑ ስፒከር ትክክለኛ ነው፣ እማዬ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ነው ያወቀችው። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ስለዚህ ቴፑ ደህና ነው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ላይም ትክክል ነው። ከኮምፒውተሩ ሲወጣ ነው የሚበላሸው። ምን እንደምል አላውቅም።

ደብረዘይት ሊኑክስ

እህቴ፣ ቴፑም ሳውንድ ካርዱም ደህና ይመስሉኛል። የተሳሳተው ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም) ስለ ካርዱ የያዘው ቁጥር ነው ብዬ እገምታለሁ። ግን ከመገመት ይልቅ እንፈትነው፣ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ከሌላ ቦታ ያመጣሽውን አንድ የምታውቂውን መዝሙር ወይም ዘፈን በዚያ ዴስክቶፕ ላይ ክፈቺ። ግምቴ ልክ ከሆነ ጎትቶና ወፍሮ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ኦዳሲቲን ሪከርድ ላይ አድርጊና የእጅ ሰዓትሽን ይዘሽ ልክ አንድ ደቂቃ ጠብቂ። ሰዓትሽ 60 ሰከንድ ሲል ኦዳሲቲ ስንት ይላል? እዚያ ላይ ልዩነት ካለ ነገሩ አለቀ።

ለምን እዛው ላይ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ልንገርሽ። በጎዶሎ ቁና እህል የሰፈረ ሰው በዚያው ቁና መልሶ ሲሰፍር ልኩ ይመጣለታል። ጎረቤት ወስዶ በሌላ ቁና ሲሰፍር ነው ጉድለቱ የሚታየው። ያንቺ ኮምፒውተር ሲቀዳም ሲያጫውትም በአንድ ጎዶሎ ቁና ነው የሚሰፍረው። ስልክሽ ግን ሙሉ ቁና አለው።

ሌላው፣ ያስገባሽው መስመር ያንቺን ካርድ አይመለከትም። ኤስኤንዲ-ኤችዲኤ-ኢንቴል ማለት በ2004 ለወጣው ኤችዲ ኦዲዮ የተሠራ ድራይቨር ነው። የፔንቲየም 4 ቦርዶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የነበረውን ኤሲ97 ነው የያዙት፣ የእሱ ድራይቨር ሌላ ነው፣ ኦፕሽኖቹም ሌላ ናቸው። ይሄን ስህተት ብዙ ሰው ይሠራዋል፤ «ድምፅ አልሠራም» ብሎ ይፈልግና መጀመሪያ ያገኘውን ኦፕሽን ይለጥፋል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የትኛው ድራይቨር እንደያዘው ነው።

ተርሚናል ክፈቺ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋለሁ፣ አንቺ በላቲን ፊደል ሁሉንም በትንሹ ፊደል ጻፊያቸው። ኤልኤስፒሲአይ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኬ ብለሽ ጻፊና ኦዲዮ የሚለው ጋ ፈልጊ፤ ከስሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል አለ፣ እሱን አምጪልኝ። ቀጥሎ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፊና ከሚወርደው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ «ክሎኪንግ ቱ» የሚል መስመር ካለ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ገና ምንም አትቀይሪ። የቀዳሻቸውን ፋይሎችም እንዳታጠፊያቸው፣ አልተበላሹም።

የካሴቷ ልጅ

ወንድሜ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፍልህ። ያልከው ሁሉ ልክ ነው!

መዝሙሩ ጎትቶ ነው የሚጫወተው፣ የሴቷ ዘማሪ ድምፅ ወፍሯል። ለካ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ከካሴቱ ውጪ ምንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኦዳሲቲ ደግሞ ሰዓቴ አንድ ደቂቃ ሲሞላ 53 ሰከንድ አካባቢ ነው ያለው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው።

አሁን ነው የገባኝ፣ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ነው፣ አንዱ ጎን 30 ደቂቃ። የቀዳሁት ፋይል ግን 26 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው የሚለው። መጨረሻው የተቆረጠ መስሎኝ ሁለቴ ቀድቼው ነበር።

ድራይቨሩ ኤስኤንዲ_ኢንቴል8ኤክስ0 ይላል። «ክሎኪንግ ቱ 42240» የሚል መስመርም አለ። ይሄ ምንድን ነው?

ደብረዘይት ሊኑክስ

በቃ፣ ተገኘ። ተረጋጊ፣ ሁሉም ይስተካከላል።

ኤሲ97 የሚባለው አሠራር ላይ ድምፁን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ቺፕ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በሰከንድ 48000 ጊዜ በሚመታ ምት ነው። ድራይቨሩ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይሄን ምት ራሱ ይለካዋል። ድምፅ የሌለው ነገር ለ50 ሚሊሰከንድ ያህል ያጫውትና ስንት ናሙና (የድምፁ አንድ ነጠላ ልኬት) እንደሄደ ቆጥሮ ያሰላል። በዚያች ቅጽበት የማሽኑ የጊዜ ቆጠራ ትንሽ ከተዛነፈ ልኬቱም ይዛነፋል። ልኬቱ 48000 አካባቢ ካልመጣ ድራይቨሩ «የዚህ ቦርድ ክሎክ (ምቱ) የተለየ ነው» ብሎ ያስብና ሊያካክስ ይሞክራል። ያንቺ 42240 የመጣው ከዚያ ነው። 42240 ለ48000 ሲካፈል 0.88 ነው። 30 ደቂቃን በ0.88 አባዢው፣ 26 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይመጣል። ያንቺ ፋይል ልክ ያን ያህል ነው። 60 ሰከንድን ብታባዢው ደግሞ 52.8፣ እሱም ኦዳሲቲ ያሳየሽ ነው።

መፍትሔው ድራይቨሩ እንዳይለካ ከልክሎ ቁጥሩን በእጅ መስጠት ነው። ኦፕሽኑ ኤሲ97_ክሎክ ይባላል። ኢቲሲ ፎልደር ስር ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ አዲስ ፋይል በሱዶ ናኖ ክፈቺ፣ ስሙን እንደፈለግሽ፣ ለምሳሌ ድምፅ በይው በላቲን። ውስጡ ይቺን አንድ መስመር ጻፊ፦

ኦፕሽንስ ኤስኤንዲ-ኢንቴል8ኤክስ0 ኤሲ97_ክሎክ=48000

ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አይኑር። ያቺን የኤችዲኤ መስመር ደግሞ አጥፊያት፣ እዚህ ምንም አትሠራም፣ ነገ ሌላ ነገር ስትፈልጊ ግራ ታጋባሻለች። ከዚያ ሪስታርት። ድራይቨሩን በትዕዛዝ አውጥቶ መመለስም ይቻላል፣ ግን ፐልስኦዲዮ የሚባለው የሲስተሙ ድምፅ አስተናጋጅ ፕሮግራም ካርዱን ስለሚይዘው «በሥራ ላይ ነው» እያለ እምቢ ይልሻል፤ ሪስታርት ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ይሄን የምታነቡ ሌሎችም ጭምር። 48000 ለሁሉም አይሠራም። ክሎካቸው በእውነት 41000 ወይም 44100 የሆነ ቦርዶች አሉ፣ ድራይቨሩ ውስጥም ጥቂቶቹ በስማቸው ተመዝግበዋል። እንዲህ ዓይነት ቦርድ ላይ 48000 ብላችሁ ብታስገድዱት ደህናውን ታበላሻላችሁ። ስለዚህ ከቀየራችሁ በኋላ የአንድ ደቂቃውን ፈተና በእጅ ሰዓት መድገም ግዴታ ነው።

ጋሽ ጥገና

እኔ ቴፑን ጠርጥሬ ነበር፣ ልጁ በልጦኛል፤ እግዚአብሔር ይባርከው። የቁናዋ ነገር በደንብ ገብታኛለች።

ይሄ ነገር ድሮን አስታወሰኝ። በ1992 በፈረንጆቹ ከወጣው ሳውንድ ብላስተር 16 ካርድ ጋር ስንታገል የነበረበት ጊዜ ነበር። ያኔ ኦፕሽን ማለት አድራሻ ነው። ፖርቱ 220፣ አይአርኪው (ካርዱ ኮምፒውተሩን የሚጠራበት መስመር) 5፣ ዲኤምኤ (ድምፁ ከሜሞሪ ወደ ካርዱ የሚያልፍበት መንገድ) 1፣ ለባለ 16 ቢቱ ደግሞ 5። አውቶኤክሴክ የሚባለው ፋይል ውስጥ «ሴት ብላስተር» ብለን ኤ220 አይ5 ዲ1 ኤች5 ቲ6 እያልን እንጽፋለን። ካርዱ ላይ ያለው ጃምፐርና እዚያ የተጻፈው ቁጥር ካልገጠሙ ጨዋታው ወይ ዝም ይላል ወይ ኮምፒውተሩ ይደርቃል። አይአርኪው 7 ላይ ካደረግሽው ደግሞ የፕሪንተሩ ቀዳዳ ስለሚጠቀምበት ሁለቱ ይጋጩ ነበር።

ከዚያ ዘመን የተማርኩት ምልክቱን መስማት ነው። አንዲት ቁራጭ ድምፅ እየደጋገመች የምትቀር ከሆነ አይአርኪውን ነው የምጠረጥረው። ካርዱ እያለ ጭራሽ ምንም ካልወጣ ዲኤምኤውን ወይም አድራሻውን። ድምፁ ሳይቆራረጥ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ከወጣ ግን አድራሻ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፣ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ያ ጥገና ቤት አንድ ደቂቃ ቢያዳምጥ ኖሮ «ተቃጥሏል» አይልም ነበር። የተቃጠለ ነገር እንዲህ አይናገርም። ሳይሰሙ መፍረድ ሙያውን ያስነቅፋል፣ እኔን ያናድደኛል።

ዮኒ ዲሲ

ሰላም ከዋሽንግተን። እህቴ የአባትሽን ነፍስ በገነት ያኑርልን፣ ታሪኩ ልቤን ነካው፣ እኛም ቤት እንደዚህ ዓይነት ካሴት ነበር።

እኔ የምለው ግን ይሄን ሁሉ የድራይቨር ጣጣ ለምን? አንዲት ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ገዝተሽ ላፕቶፕሽ ላይ ብትሰኪስ? የተቀዱትን ደግሞ ኦዳሲቲ ውስጥ ቼንጅ ስፒድ በሚለው ማስተካከል ይቻላል።

ሌላ የራሴ ጥያቄ ልጨምር፦ እኔም አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ አለኝ፣ ዌብካም ከሰካሁ ወዲህ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዌብካሙ አንደኛ ካርድ ይሆንና ዋናው ድምፅ ይጠፋል። አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ አይሆንም።

ደብረዘይት ሊኑክስ

ዮኒ፣ ሐሳብህ መጥፎ አይደለም። ግን ርካሾቹ የዩኤስቢ ካርዶች አብዛኞቹ ያላቸው የማይክ መግቢያ ነው፣ እሱም ሞኖ። ማይክ ቀዳዳ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ከቴፕ የሚመጣውን ቶሎ ያፍነዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል። ሰማያዊው ላይን ኢን ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው፣ ስቴሪዮ ነው። ያ አሮጌ ዴስክቶፕ ለካሴት ከብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ይሻላል፤ አንድ ቁጥር ስለተሳሳተ ብቻ መጣል የለበትም። ቼንጅ ስፒዱ ይሠራል፣ ምንጩ ሳይስተካከል ግን ነገም ከነገ ወዲያም ያንኑ ሲያርሙ መኖር ነው።

ያንተው ጥያቄ አጭር ነው። የዌብካሙ ድምፅ ድራይቨር ኤስኤንዲ-ዩኤስቢ-ኦዲዮ ነው። በዚያው ፎልደር ፋይል ውስጥ «ኦፕሽንስ ኤስኤንዲ-ዩኤስቢ-ኦዲዮ ኢንዴክስ=-2» ብለህ ጻፍ። ከሁለቱ በፊት የመቀነስ ምልክት አለች፣ እንዳትረሳት። ትርጉሙ «የመጀመሪያውን ቦታ አትያዝ» ነው።

የካሴቷ ልጅ

አልሠራም። መስመሩን በትክክል ነው የጻፍኩት፣ አሥር ጊዜ አነበብኩት፣ ሪስታርት አደረግሁ። አሁንም «ክሎኪንግ ቱ 42240» ይላል። ደከመኝ።

ደብረዘይት ሊኑክስ

የፋይሉ ስም መጨረሻ ምንድን ነው? ነጥብ ኮንፍ ካላልሽው ሲስተሙ ፋይሉን አያነበውም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ «እንደፈለግሽ» ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ስሙን ቀይሪና መጨረሻው ላይ ነጥብ ኮንፍ ጨምሪበት።

ደግሞ ኦፕሽኑ መያዝ አለመያዙን ሳትገምቺ ማየት ትችያለሽ። ሲስ ፎልደር፣ ከዚያ ሞጁል፣ ከዚያ ኤስኤንዲ_ኢንቴል8ኤክስ0፣ ከዚያ ፓራሜተርስ። እዚያ ውስጥ ኤሲ97_ክሎክ የሚል ፋይል አለ፣ በካት ክፈቺው። 0 ካለ ገና ራሱ እየለካ ነው፣ 48000 ካለ ተቀብሎሻል።

የካሴቷ ልጅ

ሠራ! ሠራ! 48000 ይላል። ኦዳሲቲ ከእጅ ሰዓቴ ጋር እኩል 60 ሰከንድ ሞላ። መዝሙሩም ወደ ልኩ ተመለሰ።

አዲስ አምስት ደቂቃ ቀድቼ ስልኬ ላይ ሰማሁት፣ አባቴ ነው፣ ራሱ ነው። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ እስክትመለስ ቸኩያለሁ።

አሁን የቀረኝ ቀደም ሲል የቀዳኋቸው ናቸው። አምስት ካሴት ጨርሼ ነበር፤ ሦስቱን በዚህ ሳምንት፣ ሁለቱን ግን ከሁለት ወር በፊት። ከሁለቱ አንዱ ያ የሻገተው ነው። ከቀዳሁት በኋላ ሻጋታው ባሰበት፣ አሁን ደግሞ ፊልሙ ተጣብቆ እምቢ ብሎኛል። ስለዚህ እንደገና መቅዳት አልችልም። ያለኝ ያ የቀጠነው ፋይል ብቻ ነው።

ደብረዘይት ሊኑክስ

አይዞሽ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ሙሉ ነው። የተሳሳተው ላዩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብቻ ነው። ፋይሉ «በሰከንድ 44100 ናሙና ነኝ» ይላል፣ የተቀዳው ግን በ0.88ቱ ነው፣ ማለትም 38808። ስለዚህ ኦዳሲቲ ውስጥ ፋይሉን ክፈቺ፣ በግራ በኩል የትራኩ ስም ያለበትን ምናሌ ተጫኚ፣ ሬት የሚለው ውስጥ አዘር ምረጪና 38808 ጻፊ። ወዲያው ይረዝማል፣ ድምፁም ይወርዳል። ከዚያ በ44100 ኤክስፖርት አድርጊው፣ በሌላ ስም። የመጀመሪያውን ፋይል አትንኪው፣ እሱ እንደ ዋናው ካሴት ይቀመጥ።

ይሄ ግን ለሦስቱ ነው። ድራይቨሩ የሚለካው ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ስለሆነ ከሁለት ወር በፊት የለካው ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቫር ስር ሎግ ውስጥ ከርን ነጥብ ሎግ የሚባሉ ፋይሎች አሉ፤ በየቀኑ «ክሎኪንግ ቱ» ስንት እንዳለ ተጽፎ ታገኛለሽ። የሦስቱንም በዚያ አረጋግጪ። አሮጌዎቹ ሎጎች ግን እየተጣሉ ስለሚሄዱ የሁለት ወሩ ላይኖር ይችላል።

የካሴቷ ልጅ

የዚህ ሳምንቱ ሁሉም ቀን 42240 ነው። የሁለት ወሩ የለም፣ ጠፍቷል። የሻገተው ካሴት ፋይል 27 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው የሚለው። በ38808 ሞከርኩት፣ አሁን ደግሞ ትንሽ ወፈረ፣ 31 ደቂቃ ሆነ። በጆሮዬ እያልኩ ላስተካክለው?

ጋሽ ጥገና

ልጄ በጆሮ አትገምቺ፣ አንድ ዘዴ አለ። ቴፑን ስትቀጂበት ግድግዳ ሶኬት ላይ ነበር የተሰካው ወይስ በባትሪ? ሶኬት ከሆነ ከመብራት የሚመጣ ሁምምም የሚል ደካማ ድምፅ ቀረጻው ውስጥ አለ፣ ጆሮሽ ባይለየውም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ በቴፑ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ 100 ኸርዝ ላይ ጎልቶ ይወጣል። እሱ አይዋሽም። ፋይሉ ላይ 100 መሆን የነበረበት ስንት ላይ እንደታየ ካወቅሽ ቁጥሩን ታገኚዋለሽ።

አባትሽ ከሚናገሩበት ላይ ግን አትውሰጂ። ካሴቱ ውስጥ ጅዳ እያሉ የገባ የመብራት ድምፅ ሊኖር ይችላል፣ እሱ ያሳስትሻል። ሪከርድ ተጭነሽ ካሴቱ መዞር ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ባዶ ቦታ ውሰጂ። እንዴት እንደሚታይ ልጁ ይንገርሽ፣ እኔ ኦዳሲቲውን አላውቀውም።

ደብረዘይት ሊኑክስ

ጋሼ፣ ይሄ ለእኔም አልመጣልኝም ነበር። ከልብ አመሰግናለሁ።

እህቴ፣ ትራኩን መጀመሪያ ወደ 44100 መልሺው። ከዚያ ባዶዋን ቦታ፣ አሥር ሰከንድ ያህል ካለች፣ ምረጪና አናላይዝ ምናሌ ውስጥ ፕሎት ስፔክትረም የሚለውን ክፈቺ። ሳይዝ የሚለውን ትልቁ ላይ አድርጊው፣ አለበለዚያ ቁጥሩ በደንብ አይለይም። ከዚያ ከ90 እስከ 130 ኸርዝ ባለው መካከል ረጅሙ ጫፍ ላይ አይጡን አስቀምጪ፣ ቁጥሩን ይነግርሻል። መጀመሪያ ልማመድ ካልሽ ከዚህ ሳምንቶቹ በአንዱ ሞክሪው፣ 113.6 አካባቢ መምጣት አለበት፣ ምክንያቱም 100 ለ0.88 ሲካፈል እሱ ነው።

ዮኒ ዲሲ

ኢንዴክሷ ሠራችልኝ፣ ተባረክ። የመብራቷን ዘዴ እኔም ለእናቴ ካሴቶች እሞክራታለሁ፤ እዚህ ግን መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ 120 ላይ ነው የምፈልገው ማለት ነው፣ አይደል?

ደብረዘይት ሊኑክስ

ልክ ነህ፣ እዚያ ከቀዳኸው 120 ላይ ነው።

የካሴቷ ልጅ

ቴፑ ሶኬት ላይ ነበር። ባዶዋ ቦታ ሰባት ሰከንድ ናት፣ በቃችኝ። የዚህ ሳምንቱን ስሞክር 113.6 ሳይሆን 113.5 መጣ፣ ተቀራራቢ ነው። የሻገተውን ስመለከት ደግሞ ረጅሙ ጫፍ 110 ላይ ነው።

44100ን በ100 አባዝቼ ለ110 አካፈልኩት፣ 40091 መጣ። ሬቱን 40091 አደረግሁት። ፋይሉ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሆነ። ቁጥሩን ሳየው ብድግ አልኩ።

እማዬ ማታ ሰማችው። በዚህኛው ካሴት አባዬ ለእኔ የገዛልኝን ቀይ ጫማ ቁጥር ይጠይቃል፣ «የልጅቷን እግር በክር ለክተሽ ክሩን ላኪልኝ» ይላል። እማዬ ክሩን እንደላከችው፣ ጫማውም ጠብቦኝ ለአክስቴ ልጅ እንደተሰጠ ነገረችኝ፤ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ከዚያ ስልኩን ራሷ ይዛ «ሁለተኛው ጎንስ የት አለ?» አለችኝ። እሱ ገና አልተስተካከለም ነበር፣ አሁን እሱን ከፍቼ ባዶዋን ቦታ እየፈለግሁ ነው።